የሃያ አራቱ ቃል ግማሽ

ላቀው አስናቀው ፊዚክስ ተምሮ በማዕረግ የተመረቀ ወታደር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በካምፑ ውስጥ አልነበረም፤ ላቀው ራሱ ለሁሉም ነግሯቸዋል። የብርድ ልብስ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ በቆየባቸው አሥራ አራት ወራት፣ ብርድ ልብስ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ ሙቀት ከአንዱ አካል ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ ሳያስረዳ አላሰናበተም። ዛሬ ይህን ሲያወራ፣ «ሰዎቹን ያሞቃቸው የነበረው ብርድ ልብሱ ሳይሆን ንዴቱ ነው» ይላል።

ታዲያ ከኮሶዬ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ የትከሻ ሚሳኤል ሥልጠና ሊሰጥ ነው፣ ስምንት ሰው ይገባል፣ ከስምንቱም አንዱ ረዳት አሠልጣኝ ሆኖ ይቀራል የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ቦታው ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ መሰለው። መሣሪያው የአውሮፕላኑን ሙቀት ተከትሎ የሚሄድ ነገር ነው። ስለ ሙቀት ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አመለከተ፣ ተመረጠ፣ በዚያው ቀን ጠዳ ላሉት አባቱ ስልክ ደውሎ የሚሳኤል አስተማሪ ሆኛለሁ አላቸው።

ሥልጠናው ገና አልተጀመረም ነበር።

አባቱ አያ አስናቀው በሬ ጠምደው የሚያርሱ፣ በቅሎ ጭነው ገበያ የሚወጡ ሰው ናቸው። ሚሳኤል ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ከትከሻ ላይ ተወንጭፎ ሰማይ ድረስ የሚሄድ መሣሪያ ነው ብሎ አስረዳቸው። እሳቸውም፣ «አይራገጥም?» አሉት።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ላቀው በዘጠኝ ዓመቱ ጭነት ላግዝ ብሎ በኋላ በኩል ተጠግቶ በቅሏ ረግጣዋለች፤ ጭኑ ላይ ዛሬም የኮቴ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለ።

«አባ፣ ይሄ እኮ ቴክኖሎጂ ነው» አላቸው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት።

በሳምንቱ ወሬው በጠዳ ገበያ ተዳርሶ፣ አያ አስናቀው ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ሰው ሁሉ «የሚሳኤሉ አባት እንዴት አደሩ» ይላቸው ጀመር። ይህንን ላቀው ሲሰማ ኩራትም ፍርሃትም ያዘው። ለረዳት አሠልጣኝነት ካልተመረጠ ወደ ብርድ ልብሱ ይመለሳል። እሱ ቢመለስ ግድ የለም፤ አባቱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መውጣታቸው አይቀርም።

አሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ ፍቅረ ማርያም ነበሩ። ከጎንደር ደብሮች በአንዱ ያገለገሉ የአንድ መሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ራሳቸውም እስከ ጾመ ድጓ ዘልቀው ነው ውትድርና የገቡት። ሠላሳ ዓመት ሠርተውም የቤተ ክህነት ወጋቸው አልለቀቃቸውም፤ ሲቆሙ መቋሚያ የተደገፉ ይመስላሉ፣ ሲያዝዙም ቃሉን መጨረሻው ላይ ትንሽ ያዜሙታል።

የመሣሪያው የአሠራር ሥርዓት የተጻፈበት መመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ማባዛት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ደብተር ላይ መገልበጥ ክልክል ነው። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን በዚህ ይቸገር ነበር። ሃምሳ አለቃ ግን የተማሩት ሁሉ መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ በሆነበት ቤት ስለሆነ አልተቸገሩም። ሥርዓቱን ሃያ አራት ቃል አድርገው ሰደሩት። አሥራ ሁለቱ ጥያቄ ናቸው፣ አሥራ ሁለቱ መልስ። ሠልጣኞቹን እንደ ማሕሌት ቀኝና ግራ ከፍለው አራት አራት አድርገው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ቀኝ ይጠይቃል፣ ግራ ይቀበላል። ቀኝ «ማን አዘዘህ? ትእዛዙን በጆሮህ ሰምተሃል ወይስ ሰው ነግሮህ ነው?» ይላል፤ ግራ «በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይላል። እንዲህ እያለ እስከ ሃያ አራተኛው ይወርዳል፤ ማለቂያው ላይ ሃምሳ አለቃ መሬቱን በእግራቸው አንዴ መታ አድርገው እንደገና ያስጀምራሉ።

ላቀው በመጀመሪያው ቀን እጁን አወጣ። ሽምደዳ እውቀት እንዳልሆነ፣ ዘመናዊ ትምህርት ጽንሰ ሐሳቡን በመረዳት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ፣ ሃያ አራት ቃል ከማነብነብ የመሣሪያውን ሳይንስ መረዳት እንደሚበልጥ በጨዋ ቋንቋ አስረዳ። ሃምሳ አለቃ እስኪጨርስ አዳመጡት።

«ጽንሰ ሐሳቡን ስትረዳ» አሉት፣ «እጅህ የት ነው ያለው?»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ላቀውም አብሯቸው ፈገግ አለ።

ታኅሣሥ ነበር። ታኅሣሥ ላይ የኮሶዬ ጧት ሰውን እንደ እንጨት ያደርቃል። የሚማሩት ከወጥ ቤቱ ጎን ባለው ግቢ ነው። የቀኝ አግዳሚ ወጥ ቤቱ ጥላ ሥር ስለዋለ እስከ ረፋድ ድረስ ውርጩ አይለቀውም፤ የግራው ግን ጀምበር ገና ብቅ ስትል ያገኛታል። ላቀው ከመጀመሪያው ቀን ግራ ተቀመጠ። የግራ ቃል ደግሞ አጭር ነው፤ «ሰምቻለሁ፣ አይቻለሁ፣ ዝግጁ ነው፣ አልዞረም» የመሳሰለ ነው። ጥያቄዎቹ ግን እንደ ጸሎት የረዘሙ ናቸው።

ደንቡ ሰኞ ሰኞ ቀኝና ግራ ይቀያየሩ የሚል ነበር። የላቀው ጥንድ ይበልጣል የሚባል ልጅ ነው፤ የደብተራ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሰውን እንቢ ማለት የማይችል። በመጀመሪያው ሰኞ ላቀው ይበልጣልን ወደ ጎን ወስዶ ሳይነስ እንዳለበት፣ ብርድ ሲነካው ግንባሩ እንደሚፈነዳ ነገረው። ይበልጣል እሺ አለ። በሁለተኛው ሰኞ ሳይነሱ ብሶበት ነበር። በሦስተኛው ይበልጣል ራሱ ሳይጠየቅ ጥላው ውስጥ ሄዶ ተቀመጠ። ሃምሳ አለቃ ቃሉን እንደ ዜማ ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያዳምጡት፤ ሁልጊዜ ሰኞ ግን፣ «ተቀያየራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ላቀው ከሁሉ ቀድሞ፣ «አዎ፣ አለቃ» ይላል። ሳይነስ የሚባል ነገር በሕይወቱ ታሞ አያውቅም።

የልምምዱ ዕቃ ባዶ ቱቦ ነበር፤ ውስጡ ምንም የለም፣ ሠልጣኞቹም ሸንበቆው ይሉታል። የሚያልሙበትም አውሮፕላን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል በሽቦ የሚጎተት የዘይት ጀሪካን ነው፤ ክንፍ ተሥሎበታል። ረፋድ ላይ ከአዘዞ የተነሣ የመንገደኛ አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ፣ ሃምሳ አለቃ ቱቦውን መሬት ያስቀምጡና ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያስዞሯቸዋል። «ሰው ያለበት ነው። በባዶም አይታለምበትም» ይላሉ። ያን ጊዜ ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቀና ብለው ስምንት ወታደሮች ምን እንደሚያዩ ያያሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከወጥ ቤቱ በር ላይ እትዬ ሐረገወይን ምስር እየለቀሙ ይቀመጡ ነበር። የካምፑ ወጥ ሠሪ ናቸው፤ አምስት ልጅ ያሳደጉ የኮሶዬ ሴት። ላቀው ከእሳቸው ጋር የነበረው ግንኙነት ሰሐን ማቅረብና ሰሐን መቀበል ብቻ ነው። አንዳንዴ ሽንኩርት ሲከትፉ በቢላዋው ምት ልክ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። ላቀው መዝሙር ነው ብሎ አልፎታል።

በስድስተኛው ሳምንት ሃያ አራቱ ቃል በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ሆነ። ቀኝ ይላል፣ ግራ ይመልሳል፣ ክፍተት የለም። ላቀው በዚያ መካከል ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ሁሉንም የሚያውቅ መሰለው። ለመታለሉ ምክንያት ነበረው፤ ቃሉ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ነበር የሚሰማው። አሁን ሲያስበው፣ ኮሌጅ እያለ በቡድን የተሠራውን ጥናት ስሙን አስጽፎ በማዕረግ መመረቁን ያስታውሳል። «እኔ በብዙ ሰው ጭንቅላት ነው የተማርኩት» ይላል።

ፈተናው ሐሙስ ነበር። ኮሎኔሉ ከሦስት መኮንኖች ጋር ከጎንደር ይመጣሉ ተባለ። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ይበልጣል ሆዱን ይዞ ወደቀ። ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ በካምፑ መኪና ወደ ጎንደር ተወሰደ፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

ላቀው አዘነ። ይበልጣልን ይወደዋል። ቀጥሎም ተወዳዳሪው እንደቀነሰ ታሰበው፤ በማሰቡም አፈረ፤ ካፈረ በኋላም ደግሞ አሰበው። በዚያ ስሜት ሆኖ ረቡዕ ጧት ሸሚዙን እያጠበ ሃያ አራቱን ቃል ለብቻው ሊወጣው ጀመረ።

አልጀመረም። አፉን ከፈተና ጠበቀ። የሚጠብቀው የይበልጣልን ድምፅ ነበር።

እንደገና ሞከረ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያ ዝም። «ለይቻለሁ፤ ወዳጅ አይደለም።» ዝም። «ዝግጁ ነው።» ምኑ ነው ዝግጁው? «አይቻለሁ፤ ንጹሕ ነው።» ምኑን ነው ያየው? አረፋው እጁ ላይ እስኪደርቅ ቆመ። አሥራ ሁለት መልስ ያውቃል፤ ከመጀመሪያዋ ጥያቄ በቀር ግን ጥያቄ የሚባል አያውቅም።

ሃምሳ አለቃ ዘንድ መሄድ ይችል ነበር። ግን ምን ይላቸዋል? ስድስት ሰኞ ዋሽቻለሁ ሊል ነው? ሌሎቹ ሠልጣኞች ዘንድ መሄድም ይችል ነበር፤ ግን ሁሉም ያንን አንድ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ደግሞ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ኢንፍራሬድ፣ ስለ ሙቀት ጨረር ያስተማራቸው እሱ ነው። ፈቃድ ጠይቆ የታመመ ጓዴን ልጠይቅ ብሎ በሚኒባስ ጎንደር ወረደ። ፒያሳ ላይ ብርቱካን ገዝቶ ባጃጅ ያዘ። እግረ መንገዱን ይበልጣል በሕይወት እንዲኖር ከልቡ ጸለየ፤ ምክንያቱ ግን ንጹሕ አልነበረም።

ይበልጣል ሆስፒታሉ ውስጥ በአንድ ክፍል ከስድስት በሽተኞች ጋር ተኝቶ ነበር። ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ላቀው ብርቱካኑን አስቀምጦ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለና ችግሩን ነገረው።

ይበልጣል ዐይኑን ከጣሪያው ላይ ወደ ላቀው መለሰ። «ጥያቄዎቹን አንዳቸውንም?» አለ።

«የመጀመሪያዋን አውቃለሁ።»

ይበልጣል ሳቁ መጣበት። ሳቁ ስፌቱን ነካው፣ ስፌቱ አሳመመው፣ እያመመው ሳቀ። «አታስቀኝ፣ ላቄ፣ በሥላሴ አታስቀኝ» ይላል እንባው እየወረደ። ላቀው አፉን በእጁ ሊያፍንለት ሲል ነርሷ ደረሰች። ሶሊያና የሚል ስም ደረቷ ላይ ተለጥፏል። በሽተኛ የሚያስቅ ጠያቂ አይፈለግም ብላ በክንዱ ይዛ አስወጣችው። በር ላይ ሆኖ ዞር ብሎ፣ «ስምንተኛዋ! ንጹሕ የሚባለው ምንድን ነው?» አለ። ይበልጣል መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተና ሳቁ መለሰው። በሩ ተዘጋ።

ወደ ኮሶዬ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን በሳይንስ ሊፈታው ተነሣ። መልሱ ከታወቀ ጥያቄውን ማግኘት ይቻላል፤ ፊዚክስ ማለት ይኸው አይደለም? «አይቻለሁ፤ ንጹሕ ነው።» ሰው ወደ ሰማይ በሚተኩስ መሣሪያ ፊት ንጹሕ ሊባል የሚገባው ምንድን ነው? ሰማዩ ነው። ደመና የለም ማለት ነው። ላቀው በማሰብ ችሎታው ተደሰተ። የተቀሩትን ጥያቄዎች ደግሞ በልቡ እየጠየቀ በአፉ እንደሚመልስ ወሰነ፤ ትንሽ ዝም ካለ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ቃሉን ከተናገረ የጥልቀት ምልክት ይሆናል።

ካምፑ ሲደርስ እትዬ ሐረገወይን በር ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ያጉተመትሙ ነበር። ደኅና አመሹ ብሎ አለፋቸው።

ሐሙስ ጧት ወንበር የማሰናዳቱን ሥራ ላቀው ራሱ ለምኖ ወሰደው። አራት ወንበር ተሸክሞ ሜዳው ላይ ዞረ። ንፋሱ ከገደሉ በኩል ይመጣል፤ ከመቆሚያው ኋላ ግን ግንቡ ንፋስ የከለለው፣ ፀሐይ የሞላበት ሸጋ ቦታ አገኘ። እንግዶቹ እንዲሞቃቸው እዚያ ደረደረላቸው። ኮሎኔሉ መጥተው ሲቀመጡ ፀሐዩን አይተው፣ «ይህን ቦታ የመረጠ ሰው ልብ አለው» አሉ። ላቀው ሰማ።

ሌሎቹ ሦስት ጥንዶች ቀድመው በጎን ባለው መደብ ላይ ቃላቸውን ወጡ፤ ጎበዞች ነበሩ። ላቀው ጥንዱ ስለሌለ ጥያቄውንም መልሱንም ለብቻው እንዲል፣ ቱቦውንም ተሸክሞ መቆሚያው ላይ እንዲያሳይ ተነገረው። ከመኮንኖቹ አንዱ፣ ሻለቃ የሆነው፣ መመሪያውን ከብረት ሣጥኑ አስወጥቶ ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ሃምሳ አለቃ ፍቅረ ማርያም በጎን በኩል ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

ላቀው ባዶውን ቱቦ ትከሻው ላይ አደረገና ጀሪካኑ ወደሚጎተትበት ዞሮ ቆመ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ አሳምሮ አላት። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብሎም መለሰ። ከዚያ ዝም አለ። ሦስተኛዋን በልቡ ጠየቃት፤ በልቡም አላገኛትም። «ለይቻለሁ፤ ወዳጅ አይደለም።» ዝም። ከኋላው ኮሎኔሉ ለሻለቃው በሹክሹክታ፣ «እርጋታውን አየህ?» ሲሉ ተሰማው። ልቡ ሞቀ። «ዝግጁ ነው።» ሻለቃው መመሪያውን ገጽ ወደፊት ይገልጣል፣ ወደኋላ ይገልጣል።

ሰባተኛዋ ቦታ ላይ ደረሰ። አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። አንድ ጥንብ አንሣ ብቻ ይዞራል። ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አይቻለሁ። ንጹሕ ነው።»

በዚያ መካከል እትዬ ሐረገወይን ለእንግዶቹ ሻይና ዳቦ በትሪ ይዘው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ወንበሮቹ የተደረደሩበት ቦታ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ኮሎኔሉ በእጃቸው ኑ አሏቸው። እትዬ ሐረገወይን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምነው?» አሉ ኮሎኔሉ።

«እዚያ አይቆምማ» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

«አይቆምም ያለው ማን ነው?»

«ሰባተኛው» አሉና፣ ትሪውን እንደያዙ፣ ሃምሳ አለቃ እንደሚያዜሙት መጨረሻውን ትንሽ ጎተት አድርገው አወረዱት፤ «ኋላህን ዞረህ አየህ? እሳቱ በሚወጣበት በኩል ነፍስ ያለው ቆሟል ወይስ ንጹሕ ነው?»

ላቀው በዚያች ቅጽበት የጭኑ ጠባሳ አሳከከው ይላል፤ እውነት ይሁን ለወሬው ማድመቂያ የጨመረው አይታወቅም። የንጹሑን ትርጉም ገና አሁን ያገኘ ሰው ሆኖ፣ ኋላውን ሊያይ ዞረ። የዞረው ግን ከነቱቦው ነው። የቱቦው አፍ ሜዳውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ሃምሳ አለቃን ጠርጎ መጣና ኮሎኔሉ ደረት ላይ ቆመ።

«ዘጠነኛው» አሉ እትዬ ሐረገወይን በዚያው ዜማ፤ «አፉ ወደ ሰው ዞሯል ወይ?»

ስድስት ሳምንት የለመደ አፍ ባለቤቱን አይጠይቅም። ቀኝ ሲጠይቅ ግራ ይቀበላል። ላቀው ቱቦውን ኮሎኔሉ ደረት ላይ እንዳነጣጠረ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ተቀበለ።

«አልዞረም።»

ኮሎኔሉ አንድ ጣታቸውን አንሥተው የቱቦውን አፍ ቀስ ብለው ወደ ጎን ገፉት። ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወደ ጎን ወሰዱት፤ ሦስቱ መኮንኖችም ተከተሏቸው። እዚያ ንፋሱ ቀጥታ ይመታ ነበር። ኮሎኔሉ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ።

«ወንበሩን እዚያ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ላቀው።

«ስለምን?»

«ፀሐይ ስላለበት።»

ኮሎኔሉ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ። ይህ ልጅ ጥያቄውን ትቶ መልሱን ብቻ የሚናገረው እንዲህ ተምሮ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሃምሳ አለቃ ሰኞ ሰኞ ቀኝና ግራ እንደሚቀያየሩ፣ ሁልጊዜም ተቀያየራችሁ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ፣ ሁልጊዜም አዎ እንደተባሉ ተናገሩ። ላቀውን አላዩትም። ባለማየታቸው ነው ላቀው የተቃጠለው።

ትርፍ አንጀቱን ያስወጣውን ይበልጣልን ማሳበብ ይችል ነበር። ሳይነሱም አለ። ሁለቱንም አሰባቸው፤ እንዳሰባቸው አይክድም።

«አልተቀያየርኩም» አለ። «ስድስቱንም ሳምንት ግራ ነው የተቀመጥኩት። ሃምሳ አለቃን ዋሽቻቸዋለሁ። ይበልጣል ብርዱን የቻለው ለእኔ ብሎ ነው። ጥያቄዎቹን አላውቃቸውም።»

«ግራን ስለምን መረጥህ?»

ላቀው ወደ ወንበሮቹ ባዶ ቦታ አየ። «እዚያም ፀሐይ አለ» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው ሻለቃው ነው፤ ሳቁን በመመሪያው ሸፈነው። ኮሎኔሉ ግን አልሳቁም። ሠላሳ ዓመት መሣሪያ እናውቃለን የሚሉ አራት መኮንኖች ከሸንበቆው ኋላ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ፣ ያወቀችው ወጥ የምትሠራ ሴት ብቻ መሆኗን ተናገሩ። ቱቦው ባዶ ባይሆን ኖሮ የዛሬው ፈተና ውጤት የሚነገረው ለቤተሰቦቻቸው እንደነበረም ጨመሩ። እትዬ ሐረገወይንን ሃያ አራቱን ቃል ከየት እንደተማሩ ጠየቋቸው።

«ስድስት ሳምንት ጆሮዬ ሥር ሲጮኹ» አሉ። «ግራና ቀኝ ነው የምሰማው። እኔ ፀሐይ አልመርጥም።»

ኮሎኔሉ በቀጣዩ ሥልጠና ይመዝገቡ ሲሉ፣ እትዬ ሐረገወይን ወጡ ያርርብኛል ብለው ትሪውን አስቀምጠው ተመለሱ።

ረዳት አሠልጣኝነቱ ለይበልጣል ተሰጠ። ከአልጋው እስኪነሣ ይጠበቃል ተባለ፤ ወሬው ሲነገረውም ሳቀና ነርሷ ስልኩን ቀማችው። ላቀውን በተመለከተ ሻለቃው ቅጹን ይዞ ብዙ ተቸገረ፤ ቅጹ ላይ ያለው አልፏል ወይም አላለፈም የሚል ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ላቀው ወደ መጋዘኑ ለመመለስ ልቡን አዘጋጅቶ ቆሟል። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ፍቅረ ማርያም አንድ ሐሳብ አለኝ አሉ። ከመሣሪያው ኋላ ሰው እንዳይጠጋ ቀይ ጨርቅ ይዞ የሚከለክል ሰው ያስፈልጋል፤ እስከ ዛሬ የዚህን ሥራ አስፈላጊነት በዐይኑ ያየ ሰው አላገኘሁም አሉ። በሚቀጥለው ሥልጠናም ከቀኝ፣ ጥላው ውስጥ፣ ከአዲስ ይቀመጣል። ስድስቱንም ሳምንት። መቀያየር የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላቀው አፋፉ ላይ ወጥቶ ለአባቱ ደወለ። ከአያ አስናቀው በኩል የገበያ ጫጫታ ይሰማ ነበር።

«አባ፣ አስተማሪ አልሆንኩም» አላቸው።

«ምነው?»

«አልተማርኩም ነበር።»

አባቱ ወደ ብርድ ልብሱ ተመለስህ ወይ አሉት። አልተመለስኩም አለ። አዲሱን ሥራውን ነገራቸው፤ ቀይ ጨርቅ ይዞ መቆሙን፣ ወደ ኋላ የሚጠጋውን ሁሉ፣ ወታደርም ይሁን ፍየልም ይሁን ኮሎኔልም ይሁን፣ ማባረሩን።

«ከምኑ ኋላ?»

«ከሚሳኤሉ ኋላ።»

ላቀው መስመሩ የተቆረጠ መሰለው።

«ይራገጣል ማለት ነው እንግዲህ» አሉ አያ አስናቀው።

ላቀው ጭኑን በእጁ ዳሰሰ። «አዎ አባ፣ ይራገጣል» አለ። «ጠይቀውኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ያሳፍራል?» አሉት። «በቅሎ ስጭን መጀመሪያ የማቆመው ከኋላ ያለውን ሰው የሚያባርር ነው። ያን ዕለት እንዲያ ያለ ሰው አላቆምኩም፤ ጭንህ ይመስክር።» ከዚያ ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አድርገው አጠገባቸው ላለ ሰው ሲናገሩ ተሰማው፦ «ልጄ ነው። ከሚሳኤል ኋላ ሰው ያባርራል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ኮሎኔል እንኳ ቢሆን አይሰማም።»

ሰኞ ጧት ላቀው ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። አግዳሚው በረዶ ነበር። ከወጥ ቤቱ በር ላይ እትዬ ሐረገወይን ቀና ብለው አዩትና፣ ዐይናቸውን ወደሚለቅሙት ምስር መልሰው፣ የሚመራ ሰው እስኪመጣ እንዳይቀዘቅዝ ብለው ይመስላል፣ መጀመሪያዋን ጥያቄ አወረዱለት። ላቀው ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋውና ጥያቄዋን ደገማት።